ታጥቦ የነጣ ዘር

ከትምህርት ቤት ወደ ቤቴ የሚወስደው መንገድ በቅመም መደብሮቹ በኩል ያልፋል። የዚያን ቀን የፈተና ወረቀት ታቅፌ አንገቴን ደፍቼ ስራመድ፣ ከመንገዱ ዳር ባለው ቦይ ቀይ ውኃ ሲወርድ አየሁና ቆምኩ። ቀይ ስል አፈር የነካው ውኃ ማለቴ አይደለም፤ ወፈር ያለ፣ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ በድንጋዮቹ መካከል እየተጥመለመለ የሚሄድ ቀይ ነው። አንዲት ሴት ቀሚሷን ሰብስባ ተሻገረችውና “ምነው፣ ምን አረዱ?” ብላ አለፈች። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። የተማሪ አፍንጫ ሲደማ እንኳ ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ውኃውን ተከትዬ ወደ ላይ ወጣሁ። የሚመጣው ሰፈሩ “አባ እጠቡ” ከሚላቸው የቅመም አስመጪ ግቢ ነበር።

ስለ እኚህ ሰው ጥቂት ልበል። አባ እጠቡ ከባሕር ማዶ ቅመም እያስመጡ ለምግብ ቤቶችና ለፋብሪካዎች የሚያከፋፍሉ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቀጭንና ቀልጣፋ ሰው ናቸው። ቅጽል ስማቸውን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። ወደ መደብራቸው የገባ ነገር ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ፣ ማንም አሽጎ ይላከው፣ መጀመሪያ ገንዳ ውስጥ ይታጠባል፤ ቀጥሎ ጣራ ላይ በተዘረጋ ሸራ ፀሐይ ይመታዋል፤ መደርደሪያ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሎች ነጋዴዎች ጆንያውን እንደመጣ ፈትተው ሲሸጡ፣ እሳቸው “ያልታጠበ ነገር ከእጄ አይወጣም” ይላሉ። በዚህ ይከበራሉ፤ ትንሽም ይቀለድባቸዋል።

በሩ ክፍት ነበር። አባ እጠቡ እጅጌያቸውን ሰብስበው በተገለበጠ ገንዳ አጠገብ ቆመዋል፤ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ቀልቷል።

“ማን ተጎዳ?” አልኩ።

“ማን ይጎዳል መምህር? ይግቡ እንጂ! ደም መስሎዎት ነው? ቆሻሻ ነው፣ ቆሻሻ! ይሄን ይዘው ነው ‘ንጹሕ ዘር’ ብለው የሚልኩልኝ። ሦስት ውኃ ቀያየርኩለት። የመጀመሪያው ጭቃ፣ ሁለተኛው ጭቃ፣ ሦስተኛው ላይ ነው ትንሽ ጠራ ያለው። አሁን ሙልጭ ብሎ ጣራ ላይ ተሰጥቷል። ሰማዩ ግን አላማረኝም።” ይህን እየተናገሩ ወደ በሩ ሮጡ፤ ሰማዩን አዩ፤ ተመለሱ፤ እንደገና ሄዱ።

ይህን ጊዜ የወንድማቸው ልጅ ከውጭ ገባች። ይህች ወጣት የምግብ ሳይንስ ተምራ ከተመረቀች ጀምሮ ከአጎቷ ጋር ትሠራለች። ልጅ የሌላቸው አባ እጠቡ መደብሩን ለእሷ ሊያወርሱ እንደሚመኙ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በቆርቆሮ የሚሸጡትን የምግብ ማቅለሚያ ዱቄት ትተው፣ አናቶ የሚባለውን የደረቀ ቀይ ዘር እንዲያስመጡ ወራት ሙሉ የለመነቻቸውም እሷ ናት። በመጨረሻ ሁለት ጆንያ ብቻ ለሙከራ አስመጡ። የዚያን ቀን ከሰዓት ደግሞ የብስኩት ፋብሪካ ባለቤት የሆነችው ትልቋ ደንበኛቸው ቀለሙን ለማየት ትመጣለች። ልጅቷ ጠዋት ከጉምሩክ የቀረውን ጉዳይ ልትጨርስ ሄዳ አሁን መመለሷ ነበር። ገንዳውን አየች፤ ቦዩን አየች፤ ቦርሳዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተ።

“ጋሼ፣ የትኛውን ጆንያ ነው ያጠቡት?”

“በሩ አጠገብ የነበረውን። ሌላውን ነገ አጥበዋለሁ፤ ወገቤን ያዘኝ።”

“ተመስገን! እንኳን ያዘዎት!”

“ይሰማሉ መምህር? ወገቤ ስለታመመ ፈጣሪዋን ታመሰግናለች። ለዚህ ነው ያስተማርናት!”

“ጋሼ፣ ያጠቡት ቆሻሻውን አይደለም። ቀለሙን ነው።”

አባ እጠቡ ሳቁ። “ቀለሙማ ውስጡ ነው የኔ ምሁር። ይወቀጣል፣ ይወጣል። እርድ ስናጥብ ቢጫነቱ ለቆ ያውቃል?”

“እርድ ሥር ነው፤ ቀለሙ ሥጋው ውስጥ ነው። ይሄኛው ግን ላዩ ላይ የተቀባ ነው። ፍሬው ፀጉራም ቅርፊት አለው፤ ሲደርቅ ይፈነዳል፤ ውስጡ ያሉት ዘሮች ቀይ ስስ ሽፋን ለብሰው ነው የሚገኙት። የምንገዛው ያን ሽፋን ነው። እሱ ከተነሣ የሚቀረው ጠጠር ይበሉት።”

“በወሬ አይሆንም። ድስት አምጪ።”

በመደብሩ ጓዳ አንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበረች። ልጅቷ በሁለት ትንንሽ ድስቶች ዘይት ጣደች። በአንደኛው ከጣራ የወረደውን የታጠበ ዘር፣ በሌላው ውኃ ያልነካውን ጨመረች፤ እሳቱንም እንዳያሳርረው ዝቅ አደረገችው። ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን ቆምን። ያልታጠበው ድስት ውስጥ በየዘሩ ዙሪያ ቢጫ ክር እየተፈታ ወጣ፤ ክሮቹ ተገናኙ፤ ዘይቱ የእንቁላል አስኳል መስሎ ደመቀ። የታጠበው ውስጥ ዘሮቹ ታች ተቀምጠው ዝም አሉ። አባ እጠቡ ማንኪያ ነጥቀው አማሰሉት፤ ዕፍኝ ጨመሩበት፤ “እሳቱ አንሶት ነው” ብለው ቁልፉን አዞሩ። ዘይቱ ደካማ ሻይ መሰለ እንጂ ከዚያ አላለፈም።

“እንግዲያ ጆንያ ሙሉ ንብረት ቦይ ውስጥ ደፋሁ በይኛ” አሉ ቀስ ብለው።

ልጅቷ እሳቱን መልሳ ዝቅ አደረገችው። እኔም ወረቀቶቼን ካንዱ ብብቴ ወደ ሌላው አዛወርኩ። ሽማግሌው ግን ማዘን የሚችሉት እየተራመዱ ብቻ ነው። ከጓዳው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጓዳው ተመላለሱ፤ ሦስተኛው ላይ ፊታቸው ተለዋውጦ መጡ።

“ይኸው ዘርሽ! ውኃ ሲነካው ይለቃል። ፀሐይ ሲመታው…”

“ይነጣል” አለች፤ መዋሸት አልቻለችም።

“ይነጣል! እሳት ሲበዛበት?”

“ይጠቁራል።”

“ምንድነው ታዲያ፣ ዕቃ ነው ወይስ የንጉሥ ልጅ? ዱቄቱ ይሄን ሁሉ ጣጣ ያውቃል? ጫፉን ነካ ስታደርጊው በርሜል ያቀልማል። ዛሬም ያው፣ ነገም ያው። ለሴትዮዋ ዱቄቱን እሰጣታለሁ፤ አለቀ!”

ከመደርደሪያው አንድ ቆርቆሮ አውርደው ጠረጴዛው ላይ ደቅ አደረጉት።

“ዱቄቱን ከሰጧት እኔ ከነገ ጀምሮ አልመጣም ጋሼ።”

“ምን አልሽ?”

“አልመጣም። ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። ተቆጥቼ አይደለም። ይህን ቆርቆሮ ለሰው እያቀበልኩ መኖር ስለማልችል ነው።”

ጣልቃ ገብቼ ነገሩን ላለዝብ ፈለግሁና ቆርቆሮውን አንሥቼ አገላበጥኩት። የጣዎስ ሥዕል አለበት። ከሥዕሉ በታች “ደማቅ ብርቱካናማ” ይላል። የሠራው ማን እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ለምግብ ይሁን ለጨርቅ የሚናገር አንድም ቃል አላገኘሁበትም። ከዕረፍት ሲመለሱ ምላሳቸውን እያወጡ የሚያወዳድሩት ተማሪዎቼ ትዝ አሉኝ። የማን ምላስ ይበልጥ እንደደመቀ ነው ውድድሩ። የሚያቀልማቸው ብስኩት የዚህችው የፋብሪካ ባለቤት ብስኩት ነው።

“ስንት ዘመን ሸጥኩት፤ ማን ሞተ?” አሉ አባ እጠቡ።

“ማን እንደታመመስ በምን ያውቃሉ?” አለች ልጅቷ። “አንድ ልጅ ሰውነቱን ቢያሳክከው፣ ሆዱን ቢቆርጠው፣ እናቱ ምን እንዳበላችው በምን ታውቃለች? ሐኪሙስ ምን ብሎ ይመረምራል፣ ‘ጣዎስ በልቶ ነው’ ይበል?”

“መርዝ ነው እያልሽ ነው?”

“መርዝ ነው አላልኩም። ምን እንደሆነ አላውቅም ነው ያልኩት። እርስዎም አያውቁም። የሸጠልዎት ሰውም አያውቅም።”

“ዘርሽንስ ታውቂዋለሽ? ባሕር ማዶ ማን እንደነካው፣ ማን እንዳስነጠሰበት ታውቂያለሽ? ቆርቆሮው ቢያንስ ታሽጎ ነው የመጣ!”

“ታሽጓል ማለት ታጥቧል ማለት ነው እንዴ ጋሼ?”

ሳቄን በሳል ደበቅሁ። ሽማግሌው ግን ገረመሙኝ።

ልጅቷ ቀጠለች፤ አነጋገሯ የተቆጣ ሳይሆን ብዙ ጊዜ በልቧ ስትደጋግመው የከረመችውን ነገር የሚያወጣ ሰው አነጋገር ነበር። “ከተፈጥሮ ስለመጣ ብቻ ደህና ነው አልልም። ይህም ዘር የማይስማማው ሰው አለ፤ ቆዳው የሚያብጥ አለ። ግን ስሙ ይታወቃል። ስሙ ስለሚታወቅ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል፤ የማይስማማው ሰው አንብቦ ይተወዋል። ዘሩም ዝም ብሎ አልመጣም። አስቀድሞ ናሙናው መጥቶ እርጥበቱ ተለክቷል፤ ሻጋታና እርሳስ የተባለው መርዘኛ ብረት እንደሌለበት ተመርምሮ ተረጋግጧል። የታሸገው ጆንያው ውስጥ ባለ፣ ብርሃን በማያስገባ ከረጢት ነው። ከእኛ የሚጠበቀው በወንፊት ነፍቶ፣ ጭራሮውን ለቅሞ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ውኃ ብቻ አይንካው።”

“ውኃ ያልነካው ንጽሕና!” አሉ አባ እጠቡ፤ ቃሉ ጥርሳቸው ላይ የተሰነቀረ መሰለ። “ሰው ሲሰማ ምን ይለኛል? ‘አባ እጠቡ ማጠብ ተዉ’ አይልም?”

አሁን ገባኝ። ለካ የሚያስጨንቃቸው ዱቄቱ አልነበረም። በጉልምስናቸው ዘመን ሁሉ ሰው ያከበራቸው በዚያ ገንዳ ነው፤ አሁን ገንዳው ራሱ አጠፋ ሲባሉ ክብራቸው የሚፈስስ መስሏቸዋል። የተማርን ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአሮጌውን ልማድ ስሕተት እናሳይና ውስጡ ያለውን መልካም ነገር አብረን እንደፋዋለን፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ አልሰማ አሉን ብለን እንቆጣለን።

እኔም ከዚያ የተሻልኩ አልነበርኩም። ለማስታረቅ ስቸኩል ዓይኔ ሌላ ገንዳ ላይ አረፈ፤ የመጀመሪያው እጣቢ ገና አልተደፋም ነበር። ታች የዘቀጠው ቀይ ጭቃ ይታያል። “ቀለሙ እዚህ ውስጥ አይደለም እንዴ?” ብዬ ጠየቅሁ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየችና “ነው” አለች። “አንዳንድ አገር ዘሩን በውኃ አሽተው፣ አዝቅጠው፣ ዝቃጩን አድርቀው ነው የሚጠቀሙበት።” በማንኪያ ጨልፋ ዘይት ላይ አሟሟችው፤ ሲሞቅ ከሁሉም በላይ ደመቀ።

“እንግዲያው ተገላገልን!” አልኩ። “ይህን አድርቀው ለፋብሪካዋ ይስጧት። ጆንያውም ከኪሳራ ይድናል።”

አባ እጠቡ እንደ እሳት ብልጭ አሉ።

“ምን? የገንዳ ዝቃጭ? መምህር፣ እርስዎን ሰው ብዬ ነበር! ትናንት እዚያ ገንዳ ውስጥ ጆንያ አራግፌበታለሁ። የጆንያው ጭረት፣ የመርከቡ አቧራ፣ የእኔ የላቤ ጠብታ አለበት! ይሄ ለሰው ልጅ አፍ ይቀርባል?”

“ደማቅ ነው እኮ ጋሼ” አለች ልጅቷ በለሆሳስ። “በዚያ ላይ ሰው አይሞትበትም።”

“ቢደምቅስ? ባይገድልስ? አልሸጠውም!”

“ለምን?”

“ምን እንደገባበት ስለማላውቅ ነዋ!”

ይህን ተናግረው ሌላ ሊጨምሩ ሲሉ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ጣዎስ ሄደ። ልጅቷ ነገሩን ለእሳቸው ትታ፣ ካልታጠበው ዘር የወጣውን ዘይት ወደ ጠርሙስ ማጥለል ጀመረች፤ ይህን ያህል ታስተውላለች ብዬ አልገመትኩም ነበር። እሳቸው ቆርቆሮውን አነሡት፤ ክዳኑን ከፈቱ፤ አሸተቱት፤ ዘጉት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው መራመድ ጀመሩ፤ አሁን ግን ቆርቆሮውን እንደ ሕፃን በክንዳቸው ይዘው ነው፤ የሚያስቀምጡበት ቦታ የጠፋቸው ይመስላሉ።

ገና እየተራመዱ ሳለ መኪና በር ላይ ቆመ፤ ሞተሩ አልጠፋም። የብስኩት ፋብሪካው ባለቤት፣ ሞላ ያለች፣ ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ የሚገባ ሴት፣ ቁልፏን እያሽከረከረች ገባች።

“ጋሽዬ! ክሬሙ ማሽን ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ አያስቀምጡኝ። የታለ አዲሱ ጉድ?”

ልጅቷ በጠርሙስ የተጣራውን ዘይት አሳየቻት። ሴትዮዋ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ዓይኗ አየችው።

“ጥሩ ነው፤ ለአዛውንት ብስኩት። ልጆች የሚወዱት የሚያበራውን ነው። የኔን ጣዎስ ይስጡኝ፤ ይኸው ይዘውልኝ ቆመው የለ!”

አባ እጠቡ ክንዳቸውን ጠበቅ አደረጉ። “እሱን አልሸጥም።”

“ምነው? ለሌላ ቃል ገብተውበት ነው?”

“ለማንም አልሸጠውም።”

“ቀልዱን ይተዉት ጋሽዬ፤ ማሽኔ ቆሟል።”

“አልቀለድኩም እመቤቴ። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ቤት አይወጣም።”

“እኔ እኮ ከማዶው ሱቅ እገዛዋለሁ! የሚያጡት እኔን ነው!”

“ይግዙ። ያ የባለሱቁ ጉዳይ ነው። ከእኔ እጅ ግን የማላውቀው ነገር አይወጣም።” ሽማግሌው አንድ ጊዜ ወደ ልጅቷ አዩና ቀጠሉ። “ይስሙኝ። ይሄ ዘይት ከምን እንደተሠራ እነግርዎታለሁ። ዘሩን በእጄ ላሳይዎት እችላለሁ። ማን እንዳበቀለው፣ ማን እንደመረመረው የሚናገር ወረቀት አለው። ብስኩትዎ ማሸጊያ ላይ በምን እንደቀለመ ይጽፋሉ፤ ዛሬ ምን ብለው ነው የሚጽፉት? አንዱ ወላጅ ‘ልጄ ምን በላ?’ ብሎ ቢመጣብዎት ጣዎሱን ያሳዩታል? እኔስ ምን እመልስለታለሁ?”

ሴትዮዋ ቁልፏን ማሽከርከር ተወች። “ቀለሙ ሁልጊዜ እንዲህ ይሆንልኛል?”

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ ይዋሻል። አባ እጠቡ ግን ወደ ልጅቷ ዞሩ።

“ትንሽ ይለያያል” አለች እሷ። “እንደ ዘሩ ነው። በየጭነቱ ሞክሬ መጠኑን አስተካክዬ እልክልዎታለሁ። ጠርሙሱ ብርሃን እንዳይነካው። ክሬሙ ከተመታ በኋላ እንጂ ምድጃ ላይ አይጨምሩት።”

“ጣጣው በዛ።”

“የሚታወቅ ነገር ጣጣ አለው” አሉ አባ እጠቡ።

ሴትዮዋ ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። “እሞክረዋለሁ፤ ቃል ግን አልገባም። ክሬሜን ካበላሸብኝ እጣላዎታለሁ።”

“ይጣሉኝ። ጠርሙሱን ግን መኪናው መስታወት ሥር እንዳያስቀምጡት!”

ስትወጣ ሽማግሌው መኪናዋ እስኪርቅ በዓይናቸው ሸኟት። ትመለስ አትመለስ እሳቸውም እኔም አናውቅም። ቆርቆሮውን ወደ ቦዩ ይዘው ሊወጡ ሲሉ ልጅቷ በሩ ላይ ደረሰችባቸው። “ቦይ ውስጥ አይደፋም ጋሼ። ታች ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች አሉ። ለከተማው ጽዳት ክፍል አስረክበዋለሁ።” ቆርቆሮውን ተቀበለቻቸው፤ የሥራ ካፖርቷን ግን፣ ከነገ አልመጣም ብትልም፣ ከመስቀያው አላነሣችም። አባ እጠቡ መስቀያውን አይተው በረዥሙ ተነፈሱ።

ያን ቀን የተማርኩትን በአጭሩ ላስቀምጠው። የምንበላውን ነገር ከምን እንደተሠራ ማወቅ ከሁሉ ፊት የሚመጣ ንጽሕና ነው፤ ውኃ ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ። ዘር የሚያስመጣ ሰው አስቀድሞ ናሙና ቢያስመረምር፣ ዕቃውን ከብርሃንና ከእርጥበት ቢጠብቅ፣ ለደንበኛው ደካማ ጎኑን ሳይደብቅ ቢነግር፣ ደንበኛው ይተማመንበታል፤ በልቶ የታመመም ምክንያቱን ያገኛል። ይህ ሁሉ ከድካም ነፃ አይደለም። አባ እጠቡም ድካሙን ሲያስቡት ነው መሰለኝ፣ ይበልጥ መቁነጥነጥ ጀመሩ።

“ደውይለት” አሉ በድንገት።

“ለማን?”

“ዘሩን ለላከልን ሰውዬ። እኔ ካላጠብኩት ማን እንደሚያጥበው ማወቅ አለብኝ።”

“አይታጠብም አልንዎት እኮ ጋሼ!”

“አይታጠብማ! ስለዚህ ከመጀመሪያው መቆሸሽ የለበትም። ደውይ።”

ልጅቷ በሰውዬው ቋንቋ ሰላምታ ሰጠች። አባ እጠቡ ከጎኗ ቆመው ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ፤ ምንም እንደማይገባቸው ረስተውታል።

“ጠይቂልኝ። ፍሬውን የሚለቅሙት ሰዎች እጃቸውን የሚታጠቡበት ውኃ ቅርብ ነው ወይ?”

ጠየቀች፤ ተመለሰላት። “ጉድጓድ አለ ይላል።”

“ጉድጓዱ ክዳን አለው ወይ? ቆይ፣ እሱን በኋላ። ዘሩን የሚያደርቁበት ሸራ ላይ ጫማቸውን እንዳደረጉ ይወጣሉ ወይስ ያወልቃሉ?”

ልጅቷ አየቻቸው፤ ከዚያ ጠየቀች። ሰውዬው ጥቂት ቃላት ተናገረ፤ ልጅቷ ሳቋ መጣ።

“ምን አለ? ምን አለሽ?”

“እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነው የሚለው።”

“አሁን ተጠየቀ በይው” አሉ አባ እጠቡ። “መልሱን እስኪያመጣ ስልኩን አልዘጋም።”